ሹመት ይወረሳል፤ ኃላፊነትስ?

«ሲሾም ያልበላ፣ ሲሻር ይቆጨዋል» ይላል ያገራችን ሰው። ይህን ተረት ብዙ ጊዜ የምንጠቅሰው ጉቦኛን ሹም ለመሸርደድ፣ አለዚያም ሳይበላ በተነሣው የዋህ ላይ ለማላገጥ ነው። ጠለቅ ብለን ስናየው ግን ተረቱ ከሆድ ጉዳይ አልፎ ስለ ሥልጣን ምንነት የሚናገረው ነገር አለው። ሰውዬውንና ወንበሩን አንድ አድርጎ ያያል። ወንበሩ ያመጣው ሁሉ የሰውዬው ነው፤ ሰውዬው ሲነሣ የሚቆጨውም የገዛ ንብረቱን የተቀማ ስለሚመስለው ነው። ሰውና ወንበር ለየቅል መሆናቸውን ከልቡ የሚያምን ሰው ይህን ተረት ሊተርት አይችልም። በእጁ ያለው የእሱ እንዳልሆነ ያውቃልና ሲሻር የሚቆጨው ነገር የለም።

ለመሆኑ ሥልጣን የማን ነው? የሰው ነው ወይስ የወንበር? ለአንድ ሰው የተሰጠ ፈቃድ በእሱ በኩል ወደ ሌላው ሊተላለፍ ይችላልን? ሰጪው ሲሻርስ ከእሱ የተቀበሉት ምን ይሆናሉ? እነዚህ ከቤተ መንግሥትና ከችሎት የተወለዱ ያረጁ ጥያቄዎች ናቸው። ዛሬ ግን በየደቂቃው መልስ የሚሰጥባቸው ኮምፒዩተር ሆኗል። በባንክ መስኮት፣ በሆስፒታል ካርድ ክፍል፣ በቴሌ፣ በግብር መሥሪያ ቤት ስማችንና ጉዳያችን የሰፈረው በመረጃ ቋት ውስጥ ነው። ያንን መዝገብ ማን ይከፍታል፣ ማን ይጽፍበታል፣ ማንስ ይሰርዘዋል የሚለው የሚወሰነው አንድ ባለሙያ አንድ ቀን ተቀምጦ በጻፋቸው ጥቂት መስመሮች ነው።

ይህ ጽሑፍ ስለነዚያ መስመሮች ነው። ነገሩ የባለሙያዎች የውስጥ ጉዳይ መስሎ ሊታይ ይችላል። እኔ ግን መስመሮቹ ሲጻፉ የሚነሣው ጥያቄ ጥንት ሹመት ሲሰጥ ይነሣ የነበረው ያው የሞራል ጥያቄ ነው እላለሁ።

ሹምና ሻር

እ.ኤ.አ. በ1970 ኤድጋር ኮድ የተባለ በአይቢኤም ኩባንያ የሚሠራ እንግሊዛዊ ሊቅ፣ መረጃ ሁሉ በሠንጠረዥ ሠንጠረዥ ተደርድሮ ቢቀመጥና ሠንጠረዦቹ በጋራ ነገራቸው ቢዛመዱ የሚል ሐሳብ አቀረበ። ዛሬ የምናውቃቸው አብዛኞቹ የመረጃ ቋቶች የዚያ ሐሳብ ልጆች ናቸው። ሐሳቡን በተግባር ለመሞከር ኩባንያው በካሊፎርኒያ «ሲስተም አር» የተባለ ሥራ ጀመረ። ሠንጠረዦቹ ለብዙ ሰው ክፍት ሲሆኑ ግን አንድ ጥያቄ ወዲያው ፊታቸው ተደቀነ፤ ማን ምን ያያል?

እ.ኤ.አ. በ1976 ፓትሪሺያ ግሪፊትስና ብራድፎርድ ዌድ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች መልሱን ጽፈው አሳተሙ። መልሳቸው በሁለት ግሦች ላይ የቆመ ነበር። አንዱ «ግራንት» ይባላል፤ ፈቃድ መስጠት ነው። ሌላው «ሪቮክ» ይባላል፤ የሰጡትን መልሶ መንሣት ነው። ባገራችን ቋንቋ «ሹም»ና «ሻር» ብንላቸው ያስኬዳል። ሠንጠረዡን የፈጠረ ሰው ባለቤቱ ነው። እሱም ለፈለገው ሰው የማንበብ፣ የመጨመር፣ የማሻሻል ወይም የመሰረዝ ፈቃድ እየነጣጠለ ይሰጣል። ከፈለገም «አንተም በተራህ ለሌላ መስጠት ትችላለህ» የሚል ቃል ይጨምርበታል። እነዚህ ሁለት ግሦች ከዚያ ወዲህ ሳይለወጡ እስካሁን በሥራ ላይ ናቸው።

ሠራተኛው ሃያ ሲሆን ለእያንዳንዱ ሰው በስሙ ፈቃድ መስጠት ይቻላል። ሁለት ሺህ ሲሆን ግን የሰጠውንም የነሣውንም የሚያስታውስ አይኖርም። በዚህ ምክንያት በ1990ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) «ሮል» የሚባለው ነገር ተስፋፋ። ዴቪድ ፌራዮሎና ሪቻርድ ኩን የተባሉ አሜሪካውያን ሐሳቡን በ1992 በሥርዓት ጻፉት፤ ኦራክል የተባለው የመረጃ ቋትም በዚያው ዓመት ሮልን ይዞ ብቅ አለ። ቃሉን «ሚና» የሚሉት አሉ። እኔ ለዚህ ጽሑፍ «ወንበር» ብዬ እጠራዋለሁ። ፈቃዱ የሚሰጠው ለወንበሩ ነው፤ ሰው ደግሞ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል። ገንዘብ ተቀባይዋ ወደ ሌላ ክፍል ስትዛወር ከወንበሩ ትነሣለች፤ ፈቃዱ እዚያው ይቀራል፤ ተተኪዋ መጥታ ትቀመጥበታለች። ሰውና ወንበር ተለያዩ ማለት ነው። እዚህ ላይ ማሽኑ ከተረቱ የተሻለ ሥነ ምግባር አለው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ማንም ያልወሰነው ውሳኔ

ይሁንና የሰው ልጅ አንድ ነገር ሲቀልለት በዚያው ላይ ሌላ ይደርባል። ወንበር ለሰው መስጠት ከተቻለ፣ ወንበርን ለወንበር መስጠትስ ለምን አይቻልም? ተቻለ። አንድ ወንበር የሌላው ወንበር አባል ይሆናል፤ አባል የሆነውም የዚያኛውን ፈቃድ ሁሉ ይወርሳል። የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጁ ወንበር የዋና ገንዘብ ያዡን ይወርሳል፤ የዋና ገንዘብ ያዡ ደግሞ የገንዘብ ተቀባዩን። ፖስትግሬስ በሚባለው የመረጃ ቋት እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በሰውና በወንበር መካከል የነበረው ልዩነት ራሱ ፈርሷል። ሁሉም «ሮል» ነው። ሰውን ከወንበር የሚለየው በስሙ መግባት መቻሉ ብቻ ነው። ባለሙያው ይህን ለሥራው ምቾት ሲል አደረገው። ለፈላስፋው ግን ልብ የሚያስብል ነገር ነው፤ በማሽኑ ዓይን ሰው ማለት በር ከፍቶ መግባት የሚችል ወንበር ነው።

ውርሱ ምን እንደሚያመጣ ለማየት አንድ ሆስፒታል በሐሳባችን እናቁም። የካርድ ክፍል ሠራተኞች የታካሚዎችን ስምና የካርድ ቁጥር የማንበብ ፈቃድ አላቸው። ተገቢ ነው። ገንዘብ ቤቱም ደረሰኝ ሲቆርጥ የታካሚውን ስም ማየት ስላለበት፣ ባለሙያው የገንዘብ ቤቱን ወንበር የካርድ ክፍሉ ወንበር አባል አደረገው። ይህም ተገቢ ነው፤ አንድ መስመር ጽሕፈት ነው፤ ሥራው ተቃለለ። ከዓመት በኋላ ሆስፒታሉ ተጨናነቀና የላቦራቶሪ ውጤት በካርድ ክፍል በኩል እንዲሰጥ ተወሰነ። ባለሙያው ለካርድ ክፍሉ ወንበር የላቦራቶሪውን ሠንጠረዥ የማንበብ ፈቃድ ጨመረለት። ይህም ቢሆን በጊዜው ምክንያት ነበረው።

አሁን የሆነውን እናስተውል። ገንዘብ ቤቱ የካርድ ክፍሉን ይወርሳልና፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ደረሰኝ የሚቆርጠው ሁሉ የእያንዳንዱን ታካሚ የደም ውጤት ማንበብ ይችላል። ባለፈው ሳምንት ለሙከራ የተቀጠረው ወጣትም ጭምር። አንዲት እናት ለባልዋ እንኳ ያልነገረችውን ውጤት የጎረቤቷ ልጅ ከደረሰኝ መቁረጫው ወንበር ሆኖ ሊያየው ይችላል። ይህን ማን ፈቀደ? የሆስፒታሉ ዳይሬክተር አልፈቀደም። የላቦራቶሪው ኃላፊ አልፈቀደም። ባለሙያውም ቢጠየቅ «ለገንዘብ ቤት የላቦራቶሪ ፈቃድ ሰጥቼ አላውቅም» ብሎ ቢምል ሐሰት አይሆንበትም። ሁለት ትክክለኛ ውሳኔዎች ተጋብተው ማንም ያልወሰነውን ሦስተኛ ውሳኔ ወለዱ።

የዚህ ጽሑፍ ዋና ነጥብ እዚህ ላይ ነው። ፈቃድ በውርስ ይተላለፋል፤ ድምፅ አያሰማም፤ ፊርማ አይጠይቅም። ኃላፊነት ግን እንደዚያ አይተላለፍም። ኃላፊነት አንድ ሰው «አዎን፣ እኔ ነኝ የሰጠሁት፤ የሰጠሁትም ለዚህ ምክንያት ነው» እንዲል ይፈልጋል። ፈቃዱ ሦስት ወንበር ተሻግሮ ሲሄድ ይህን የሚል አንደበት በመንገድ ላይ ይጠፋል። ፈቃድ ደርሶ ኃላፊነት ያልደረሰበት ቦታ ደግሞ አደገኛ ቦታ ነው። ጌታ የሌለው ሥልጣን ማለት እሱ ነው።

ርስትና ጉልት

ይህ ነገር ለኛ እንግዳ ሊሆንብን አይገባም። በአሮጌው ሥርዓታችን ሁለት ዓይነት የመሬት መብት ነበር። ርስት በትውልድ የሚገኝ ነበር፤ ሰው ከአባቱና ከእናቱ ወገን ይወርሰዋል፤ ሹመት ስላላገኘ አያጣውም። ጉልት ግን መሬቱ ራሱ ሳይሆን ከመሬቱ ግብር የመብላት መብት ነው፤ ከአገልግሎት ጋር የተያያዘ ነበር። ባለ ጉልቱ ሠራዊት ይመራል፣ አገር ያስተዳድራል፣ ይዳኛል፤ ስለዚህም ይበላል። በመሠረቱ ጉልት የወንበር ነበር፤ ርስት ደግሞ የሰው።

ከጊዜ ወደ ጊዜ ግን ከሁለቱ መካከል «ርስተ ጉልት» የሚባል ሦስተኛ ነገር ነበረ፤ ከአባት ወደ ልጅ የሚሄድ ጉልት። አባት ያገለገለበትን ልጅ ይበላበት ጀመር። አገልግሎቱ ሲቀር መብቱ ቀረ ማለት አልነበረም። ምክንያቱ ሞቶ ውጤቱ ኖረ። ይህ መብት በሕግ የተሻረው እ.ኤ.አ. በ1966 ነው፤ ያን ያህል ዘመን የቆየውም «ይህ ለምን ተሰጠ?» ብሎ የመጠየቅ ግዴታ ያለበት ሰው ስላልነበረ ነው።

በየመሥሪያ ቤቱ የመረጃ ቋት ውስጥ ዛሬ የምናገኘው ብዙ ነገር ርስተ ጉልት ነው። ለአንድ ወር የሒሳብ መዝጊያ ሥራ ተብሎ የተሰጠ ፈቃድ ከአምስት ዓመት በኋላም እዚያው አለ። ሦስት ክፍል የተዘዋወረ ሠራተኛ የሦስቱንም ቁልፍ ይዞ ይዞራል። መዛወሩን ሰው ሁሉ ያስታውሳል፤ መንሣቱን ግን የሚያስታውስ የለም። መስጠት ጠያቂ አለውና ቶሎ ይፈጸማል። ለመንሣት ግን የሚያመለክት የለም። ሠራተኛው «ይህን ፈቃድ ከእኔ ውሰዱልኝ» ብሎ ማመልከቻ ሲያስገባ ያየ ሰው ካለ ዕድለኛ ነው።

መውረስና መልበስ

እርግጥ ነው፣ የማሽኑ ሠሪዎች ይህን አላሰቡበትም ማለት አይደለም። በፖስትግሬስ ውስጥ ለውርስ ልጓም የሚያበጁ ሁለት ሥርዓቶች አሉ፤ ሁለቱም ከኮምፒዩተር ውጭ ላለ ሰው ትምህርት የሚሆኑ ናቸው።

አንደኛው፣ አንድ ሰው የወንበር አባል ሆኖ ሳለ ውርሱ እንዳይደርሰው ማድረግ ነው። እንዲህ ያለው ሰው የወንበሩን ሥልጣን ለመጠቀም ሲፈልግ «አሁን ይህን ወንበር ልይዝ ነው» ብሎ በግልጽ ማወጅ አለበት። ያን ጊዜ ሥልጣኑን እንደ ካባ ይለብሰዋል፤ ሥራውን ሲጨርስ ያወልቀዋል። እ.ኤ.አ. በ2023 ከወጣው 16ኛው እትም ወዲህ ይህ ምርጫ ለእያንዳንዱ አባልነት ለየብቻው ሊደረግ ይችላል። ሁለተኛው ደግሞ፣ ትልልቆቹ ሥልጣኖች እንደ ተራ ፈቃድ አይወረሱም። ማንኛውንም ክልከላ ማለፍ፣ አዲስ ሰው መፍጠር፣ አዲስ የመረጃ ቋት ማቋቋም የመሳሰሉት ከአባልነት ጋር በዝምታ አይመጡም። ያ ወንበር ያለው ሰው እንኳ አውቆ ካልለበሰው በቀር አይሠሩለትም።

ለምን? የሚወረስ ሥልጣን በሰውዬው ጀርባ ላይ ሁልጊዜ አለ፤ ይረሳል፤ ሲሠራበትም ሆነ ሲያጠፋበት አይታወቀውም። የሚለበስ ሥልጣን ግን አንድ የማቅማማት ቅጽበት አለው። ያቺ ቅጽበት አጭር ናት፤ ሰው ግን በሷ ውስጥ «ምን ላደርግ ነው?» ብሎ ራሱን መጠየቅ ይችላል። ዳኛ ችሎት ሲሰየም ካባ የሚለብሰው ለጌጥ ብቻ አይመስለኝም። በቤቱ አባት፣ በገበያ ሸማች የሆነው ሰው አሁን ሌላ ወንበር ላይ መቀመጡን ለባለጉዳዩ ይነግራል፤ ከሁሉ በፊት ደግሞ ለራሱ ይነግራል።

ሰጪው ሲሻር

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ እንምጣ። ባለቤቱ ለአበበ ፈቃድ ሰጠ፤ አበበ ለከበደ ሰጠ፤ ከበደ ለአልማዝ። አበበ አጥፍቶ ተሻረ እንበል። ከበደና አልማዝ ምን ይሁኑ?

ግሪፊትስና ዌድ የሰጡት መልስ ጥብቅ ነበር። ፈቃድ ሲነሣ ነገሩ ሁሉ መጀመሪያውኑ እንዳልተሰጠ ሆኖ ይቆጠር አሉ። ስለዚህ አበበ ሲሻር ከበደም አልማዝም አብረው ይወድቃሉ። አንድ መዳኛ ብቻ አለ፤ ከበደ ያንኑ ፈቃድ ከሌላ ሰው በኩልም አግኝቶት እንደሆነና ያገኘውም ለአልማዝ ከመስጠቱ በፊት እንደሆነ፣ ሁለቱም ይተርፋሉ። ስለዚህ ማሽኑ ማን ለማን እንደሰጠ ብቻ ሳይሆን መቼ እንደሰጠም መዝግቦ መያዝ ነበረበት። የአሠራሩን ስሕተት ሮናልድ ፌጊን የተባለ ሊቅ በ1978 አረመው። ሐሳቡ ግን ጸና፤ ያለህን ፈቃድ ብቻ ሳይሆን ከየት እንዳገኘኸውም ትጠየቃለህ።

ይህ ፍትሕ ነውን? አልማዝ ያጠፋችው የለም። ሥራዋን በትክክል ትሠራ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት መጥታ በሩ ተዘግቶ አገኘችው። በሌላ በኩል ደግሞ፣ የአበበ ሹመት ተሽሮ የሾማቸው ሁሉ ከቀሩ አበበ በእርግጥ ተሽሯልን? ሰውዬው ከበር ወጥቶ ጥላው ቤት ውስጥ ቀርቷል። ኦራክል ለዚህ ሁለት ዓይነት መልስ አለው። በአንድ ሠንጠረዥ ላይ የተሰጠ ፈቃድ ሲነሣ ከእሱ የተቀበሉትም ያጣሉ፤ በጠቅላላው ሥርዓት ላይ የተሰጠ ፈቃድ ሲነሣ ግን የተቀበሉት እንዳሉ ይቀራሉ። ፖስትግሬስ ሦስተኛ መንገድ መርጧል። የተነሺው ፈቃድ ወደ ሌሎች ተላልፎ ከሆነ ማሽኑ እንቢ ይላል፤ «ከዚህ ሰው የተቀበሉ አሉ፤ እነሱም አብረው እንዲወድቁ ትፈልጋለህን? እንግዲያው በግልጽ ተናገር» እንደማለት ነው።

የኛው የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ውክልና ሲደነግግ ተመሳሳይ ጥያቄ ገጥሞታል። በመሠረቱ ተወካይ የተሰጠውን ሥራ ራሱ መፈጸም አለበት፤ ሌላ ስምምነት ከሌለም ወካዩ ሲሞት ውክልናው ያበቃል። ሕጉ ሥልጣን ሰጪውን አልፎ ብቻውን እንዲኖር አይወድም። ከሥልጣኑ በስተጀርባ ሁልጊዜ የሚጠየቅ ሰው እንዲኖር ይፈልጋል።

እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚያሳምነኝ እንቢ የሚለው መንገድ ነው። ጥብቁ መንገድ ንጹሓንን አብሮ ይጥላል፤ ልሉ መንገድ የተሻረውን ሰው ሥራ ያኖራል። እንቢ የሚለው ግን ሻሪው የሚሽራቸውን ሰዎች ስም እንዲያነብ ያስገድደዋል። አልማዝን ካነበበ በኋላ ሊሽራት ይችላል፤ ወይም በራሱ ስም አዲስ ፈቃድ ሊሰጣት ይችላል። የትኛውንም ቢያደርግ ውሳኔው የእሱ ነው። ጠፍቶ የነበረው አንደበት ተገኘ ማለት ነው።

የሚቻል ሁሉ የተፈቀደ ነውን?

እስካሁን ስለ ሰጪው ተናገርን። ተቀባዩስ? ማሽኑ «ይቻላል» ያለኝን ሁሉ ማድረግ እችላለሁን? ባገራችን ይህ ጥያቄ በአደባባይ ተነሥቶ ነበር። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓት ተዛብቶ ብዙ ደንበኞች በሒሳባቸው ካለው በላይ ገንዘብ ለማውጣትና ለማስተላለፍ ችለው ነበር። የዚያ ብልሽት መነሻ የወንበር አመዳደብ አልነበረም። የተከተለው ክርክር ግን የኛው ክርክር ነው። «ማሽኑ ሰጠኝ» ያለ ነበር፤ «የማሽን ስሕተት የሰውን ገንዘብ የኔ አያደርገውም» ብሎ የመለሰም ነበር። በአንድ ሌሊት አገር ሙሉ የሥነ ምግባር ፈተና ተቀመጠ ማለት ይቻላል።

ለዚህ ጥያቄ ከሁሉ የጠራው ምሳሌ ግን ከፈረንሳይ አገር የሚገኝ ነው። ጀሮም ከርቪየል ሶሲዬቴ ዤኔራል በተባለው ባንክ እ.ኤ.አ. በ2000 ሲቀጠር ሥራው ነጋዴዎች የሚፈጽሙትን ግብይት ከጀርባ ሆኖ መከታተል ነበር። በ2005 ራሱ ነጋዴ ሆነ። በጥር 2008 ባንኩ ሲነቃ ሰውዬው ከተፈቀደለት ወሰን እጅግ አልፎ ወደ 50 ቢሊዮን ዩሮ የሚጠጋ ውርርድ ገብቶ ነበር። ያንን የሸፈነው በኮምፒዩተሩ ውስጥ የሌሉ ግብይቶችን እያስመዘገበ፣ ቁጥጥር ከመድረሱ በፊት እየሰረዘ ነው። ባንኩ 4.9 ቢሊዮን ዩሮ ከሰረ።

ሰውዬው ከቀድሞ ወንበሩ ይዞት የመጣው ትልቁ ነገር ዕውቀት ነበር። ቁጥጥሩ መቼ እንደሚመጣ፣ ምን እንደሚያይና ምን እንደማያይ ያውቅ ነበር። ፈቃድን በአንድ መስመር መንሣት ይቻላል። ዕውቀትን የሚነሣ ግሥ ግን እስካሁን አልተፈጠረም። ሰው ከወንበር ሲነሣ ወንበሩ በከፊል አብሮት ይሄዳል። ስለዚህ የቱንም ያህል ጥሩ ቁልፍ ብናበጅ በመጨረሻ የምንደገፈው በሰውዬው ኅሊና ላይ መሆኑ አይቀርም።

ፍርዱም አስተማሪ ነው። በ2010 የፓሪስ ፍርድ ቤት ከርቪየልን በእምነት ማጉደል፣ በሐሰተኛ ሰነድና ሐሰተኛ መረጃ ወደ ኮምፒዩተር ሥርዓት በማስገባት ጥፋተኛ አድርጎ እስራት ፈረደበት፤ 4.9 ቢሊዮኑንም ዩሮ ይክፈል አለ። እሱ አለቆቼ እያወቁ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር ይል ነበር። በ2014 ከፍተኛው ፍርድ ቤት እስራቱን አጽንቶ የካሣውን ነገር ግን እንደገና እንዲታይ መለሰው። በ2016 የቬርሳይ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ካሣውን ወደ አንድ ሚሊዮን ዩሮ አወረደው። ምክንያቱም ባንኩ በራሱ ቁጥጥር ጉድለት ለጥፋቱ መንገድ ከፍቷል የሚል ነበር። የአገሪቱ የባንክ ተቆጣጣሪም ቀደም ብሎ በ2008 ባንኩን በዚሁ ጉድለት 4 ሚሊዮን ዩሮ ቀጥቶት ነበር።

የጥፋተኝነቱ ፍርድ አልተነካም፤ በሩ ክፍት መሆኑ ሌባውን ነጻ አላወጣውም። በሩን ክፍት የተወው ባለቤትም «እኔ ተሰረቅሁ እንጂ አልሰረቅሁም» ብሎ እጁን መታጠብ አልተፈቀደለትም። ለሁለቱም ድርሻ ድርሻቸው ተሰጣቸው። ማሽኑ ለኃላፊነት የማያውቀውን ነገር ችሎቱ አወቀለት፤ ኃላፊነት ሲካፈል አይጎድልም። ለሁለተኛው መስጠት ከመጀመሪያው መውሰድ አይደለም።

ቁልፍ መንሣት ስድብ ነውን?

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ይመጣል፤ ቀላል ተቃውሞም አይደለም። ለእያንዳንዱ ሰው ለሥራው የምታስፈልገውን ያህል ብቻ እየመተሩ መስጠት በሰው አለማመን አይደለምን? በኛ ባህል ቁልፍ መስጠት ማመን ነው፤ ቁልፍ መቀበል መከበር ነው። ሃያ ዓመት ያገለገለን ሰው ቁልፍህን መልስ ማለት ደግሞ በአደባባይ ማዋረድ ነው። ብዙ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ፈቃድ ከመንሣት የሚሸሸውም ይሉኝታ ይዞት እንጂ ሰነፍ ሆኖ ላይሆን ይችላል።

ጀሮም ሳልትዘርና ማይክል ሽሮደር የተባሉ የኮምፒዩተር ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተሙት ጽሑፍ ማንኛውም ተጠቃሚና ማንኛውም ፕሮግራም ሥራውን ለመፈጸም ከሚያስፈልገው ያለፈ ፈቃድ ሊኖረው አይገባም ብለው ነበር። ልብ እንበል፤ ሕጉ ለሰውም ለፕሮግራምም እኩል ነው። ፕሮግራም አይሰርቅም፤ ይሳሳታል እንጂ። ስለዚህ መመሪያው የተመሠረተው በሰው ክፋት ላይ አይደለም። ስሕተት በደረሰ ጊዜ ጉዳቱ ከአንድ ክፍል እንዳያልፍ ነው።

ይሉኝታውንም ከሌላ ወገን ማየት ይቻላል። ከካዝናው ገንዘብ በጎደለ ቀን በጣም የሚጨነቀው ማን ነው? ቁልፍ ያለው ሁሉ ነው፤ ንጹሑም ጭምር። ቁልፍ የሌለው ሰው ያን ቀን እንቅልፉን ይተኛል። በማያስፈልገው ነገር ላይ ሥልጣን የተሰጠው ሰው የተከበረ ይመስለዋል እንጂ የተሰጠው ሊጠየቅበት የሚችል ዕዳ ነው። በእውነት የሚወድህ አለቃ የማትሠራበትን ቁልፍ ከኪስህ ያወጣልሃል።

ከሁሉ በላይ ደግሞ በዚህ ክርክር ውስጥ ድምፅዋ የማይሰማ ሦስተኛ ወገን አለች። ሰጪና ተቀባይ ስለ መታመንና ስለ መከበር ሲከራከሩ፣ ስሟ በሠንጠረዡ ውስጥ ያለው ያቺ እናት አልተጠየቀችም። የደም ውጤቷ የሆስፒታሉ ንብረት አይደለም፤ በአደራ የተቀመጠ ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2024 የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ አውጥታለች፤ የዜጎች መለያም ወደ ዲጂታል እየተሻገረ ነው። ሕግ መውጣቱ መልካም ነው። ነገር ግን አዋጁ በነጋሪት ጋዜጣ ላይ የሚጻፍ ሲሆን፣ ገንዘብ ቤቱ የካርድ ክፍሉን መውረሱ የተጻፈው በሌላ ቦታ ነው። ሁለቱን የሚያገናኝ ሰው ከሌለ ሁለቱም እየኖሩ አይተዋወቁም።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ውርስን ማስቀረት አይቻልም። ሁለት ሺህ ሰው በሚሠራበት ቤት እያንዳንዱን ፈቃድ በስም መስጠት ወደ ባሰ ዝርክርክነት ይመልሰናል። የሚቻለው፣ ፈቃድ በሄደበት ሁሉ ኃላፊነት ተከትሎት እንዲሄድ ማድረግ ነው። ለእያንዳንዱ ወንበር «ይህ የኔ ነው፤ የተቀመጡበትንም አውቃለሁ» የሚል አንድ ሕያው ሰው ይኑር። ለጊዜው የተሰጠ ሲሰጥ ጊዜው አብሮ ይጻፍ። በዓመት አንድ ቀን ደግሞ የስሞቹ ዝርዝር ታትሞ በኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥና ከላይ እስከ ታች ይነበብ፤ በእያንዳንዱ ስም አንጻርም «ይህ ሰው ዛሬም ያስፈልገዋልን?» ተብሎ ይጠየቅ።

ሥራው አሰልቺ ነው፤ ጭብጨባም ሆነ ሽልማት የለውም። ሥልጣን ሲሰጥ ድግስ ይደገሳል፤ የሰጡትን ለማስታወስ ግን ማንም በሬ አርዶ አያውቅም። ሆኖም ያቺ እናት ምስጢሯን ለሐኪሟ ስትነግር የተማመነችው በዚህ አሰልቺ ሥራ ላይ ነው፤ ማን እንደሚሠራው ባታውቅም። ዝርዝሩን የሚያነብላት ሰው ከሌለ፣ አንድ ቀን በደረሰኝ መቁረጫው መስኮት በኩል የሚያያት ዓይን ከወትሮው ትንሽ ቆየት ይላል። እሷም ለምን እንደሆነ አታውቅም።